ከ72 ሰዓት 9ኙ፦ የአንዲት ጀማሪ የኮዲንግ ሥልጠና በሐዋሳ

ጉዳዩ የ2017 ዓ.ም. ነው። ባለጉዳይዋ 12ኛ ክፍል ጨርሳ ሐዋሳ መነኸሪያ አካባቢ በአንድ የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ወጣት ናት። ማመልከቻና ውል በፓወር ግዕዝ ስትተይብ ኪቦርዱን አታይም፤ ኤክሴል ታውቃለች፤ ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ ራሷ ከፍታ ታወጣዋለች። ኮድ ግን ጽፋ አታውቅም ነበር። ጥቅምት 25 በአንድ የግል ማሠልጠኛ የ3 ወር የማታ ሥልጠና ጀመረች፣ 9,000 ብር ከፈለች፣ ጥር 16 «ፉል ስታክ ዌብ ደቨሎፕመንት፣ 72 ሰዓት» የሚል ሰርተፍኬት ተቀበለች፤ ፉል ስታክ ማለት የዌብሳይትን የሚታየውን ገጽም ከጀርባ የሚሠራውንም መሥራት ነው። በሳምንቱ የሱቁ ባለቤት «እንግዲህ ተምረሻል፤ የኮፒና የጥረዛ ሒሳብ የሚያወጣ ትንሽ ነገር ሥሪልን» አሏት። ባዶ ፋይል ከፈተች። ከመጀመሪያው መስመር አላለፈችም።

እሷ ራሷ የሰጠችው ምክንያት «ጭንቅላቴ ለኮድ አይሆንም» የሚል ነበር። ደብተሯ፣ የላፕቶፑ ፎልደር፣ የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕና ደረሰኞቿ አንድ ላይ ሲታዩ ግን ሌላ ነገር ይወጣል። የማሠልጠኛው ስም እዚህ አልተጠቀሰም፤ ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ብዙ ናቸውና።

የተሸጠው ነገር

ማስታወቂያው «በ3 ወር ከዜሮ ወደ ፉል ስታክ ደቨሎፐር» ይላል። ከሥሩ ኤችቲኤምኤል (የገጹ ይዘት)፣ ሲኤስኤስ (የገጹ መልክ)፣ ጃቫስክሪፕት (ገጹን የሚያሠራው የፕሮግራም ቋንቋ)፣ ሪአክት (የገጽ መሥሪያ መሣሪያ)፣ ኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ ማስኬጃ)፣ ሞንጎዲቢ (የመረጃ ማከማቻ) እና ጊትሀብ (የኮድ ማስቀመጫ) ተደርድረዋል። «ላፕቶፕ አያስፈልግም» እና «የሥራ ትስስር አለን» የሚሉ ሁለት መስመሮችም አሉበት። ክፍፍሉ 1ኛ ሳምንት ኤችቲኤምኤል፣ 2ኛ ሲኤስኤስ፣ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ጃቫስክሪፕት፣ ከ6ኛ እስከ 8ኛ ሪአክት፣ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ኖድና ሞንጎዲቢ፣ 12ኛው ፕሮጀክት ነበር።

ለጀማሪ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አደገኛው ነገር ለጃቫስክሪፕት 3 ሳምንት ብቻ መሰጠቱ ነው። ሪአክትም ሆነ ኖድ የሚጻፉት በጃቫስክሪፕት ነው። አንድ ሰው ሉፕ (አንድን ሥራ እየደጋገመ የሚያሠራ ትእዛዝ) እና ፈንክሽን (በስም የሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ) በእጁ ሳይገቡ ሪአክት ላይ ከደረሰ የቀረውን ጊዜ የሚያሳልፈው በመገልበጥ ነው። እዚህም የሆነው ይኸው ነው።

ሰዓቱ የት ገባ

በወረቀት ላይ ሥልጠናው 12 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ቀን (ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ)፣ ከ11:30 እስከ 1:30፣ ማለትም 36 ክፍለ ጊዜ ወይም 72 ሰዓት ነው። ሰልጣኟ እያንዳንዱን ቀን በደብተሯ ስለምትመዘግብ ሒሳቡን መሥራት ይቻላል።

አራት ክፍለ ጊዜዎች ጨርሶ አልተካሄዱም። ሁለቱ በመብራት መጥፋት ቀሩ፤ ማሠልጠኛው ጄኔሬተር የለውም፣ ዴስክቶፖቹም ባትሪ አልነበራቸውም። አንዱ የታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ነበር፣ ሐዋሳ በእንግዳ የምትሞላበት ዓርብ። አንዱ ደግሞ የገና ዋዜማ። ማካካሻ አልተሰጠም። የቀሩት 32 ክፍለ ጊዜዎች 64 ሰዓት ናቸው።

ከእያንዳንዱ 2 ሰዓት በአማካይ 20 ደቂቃ መጀመሪያና መጨረሻው ላይ ይባክናል። ፕሮጀክተር እስኪስተካከልና ኮምፒውተር እስኪነሣ ይጠበቃል፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከመሸ የባጃጅ ዋጋ ስለሚጨምር ራቅ ያለ ሰፈር የሚሄዱት ቀድመው ይወጣሉ። 32 ጊዜ 20 ደቂቃ 10 ሰዓት ከ40 ነው። 53 ሰዓት ከ20 ቀረ።

ከዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው አሠልጣኙ በፕሮጀክተር እየጻፈ የሚያስረዳበት ነው። ለልምምድ የተረፈው 18 ሰዓት ገደማ ነው። በክፍሉ 28 ሰልጣኝና 14 ኮምፒውተር ስለነበሩ ለሁለት አንድ ይደርሳል፤ ኪቦርዱ በእሷ እጅ የነበረው ለ9 ሰዓት ያህል ነው።

በዚሁ ስሌት ጃቫስክሪፕትን በእጇ የጻፈችው ከ18ቱ የወረቀት ሰዓት 2 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሉፕ የሚገባው ሰው ካለ ከዚያ በፊት የሆነ ቦታ ነክቶት ያውቃል ማለት ነው።

አሠልጣኙ በልምምድ ሰዓት እየዞረ ማገዝ ነበረበት። በአንድ ክፍለ ጊዜ ያለው ልምምድ 33 ደቂቃ ነው፤ ለ14 ኮምፒውተር ሲካፈል ለእያንዳንዱ ከ2 ደቂቃ ተኩል አይሞላም። ረዳት አልነበረውም። ስለዚህ ከ«ቲቸር፣ ይሄ ቀይ መስመር ምንድነው?» ቀጥሎ የሚመጣው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ተዪው፣ የኔን ገልብጪና ይሠራል» ነበር። ከዚህ ውጭ ምን ሊል ይችል እንደነበር መገመት ይከብዳል።

ቀድመው የተዘሩ ትናንሽ ስህተቶች

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማንም ቁም ነገር ብሎ ያልያዛቸው ሦስት ነገሮች ተፈጥረዋል።

የመጀመሪያው የፋይል ስም ነው። ዊንዶውስ የፋይልን ቅጥያ (ከስሙ መጨረሻ ላይ ዓይነቱን የሚነግረውን) በነባሪ ይደብቃል። በኖትፓድ የተጻፈ ገጽ «ኢንዴክስ ነጥብ ኤችቲኤምኤል» ተብሎ ሲቀመጥ፣ ከስሙ ሥር ያለው ዓይነት ወደ «ሁሉም ፋይሎች» ካልተቀየረ፣ ፋይሉ በድብቅ «ነጥብ ቲኤክስቲ» ይጨመርበታል። ብራውዘሩም ገጹን ሳይሆን ኮዱን እንዳለ ያሳያል። ሰልጣኟ አንድ ሙሉ ምሽት ያጣችው በዚህ ነው። መፍትሔው 10 ሰከንድ የማይፈጅ ነው፦ በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ከሚለው ውስጥ የቅጥያ ማሳያውን ማብራት። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ሥራ መሆን ነበረበት።

ሁለተኛው ኪቦርዱ ነው። ሱቅ ስትሠራ ውላ ስለምትመጣ፣ በላፕቶፗ ላይ ፓወር ግዕዝ በርቶ ይቆያል። ጃቫስክሪፕት በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የቫሪያብል (ዋጋ የሚያዝበት ቦታ) ስም ይቀበላል፤ «ዋጋ» ወይም «ብዛት» ብሎ መሰየም ይቻላል፣ ይሠራልም። የማይቀበለው የእኛን ሥርዓተ ነጥብ ነው። ከእንግሊዝኛው ሴሚኮለን ፈንታ «፤»፣ ከኮማው ፈንታ «፣» ከገባ ብራውዘሩ ያልተጠበቀ ምልክት አገኘሁ ብሎ ይቆማል። ሁለቱ ነጠላ ሰረዞች በትንሽ ፊደል ስክሪን ላይ ለዓይን ይመሳሰላሉ። በፎልደሯ ውስጥ በዚህ ምክንያት ብቻ የቆሙ ሦስት ፋይሎች ተገኝተዋል።

ሦስተኛው ትልቅና ትንሽ ፊደል ነው። አማርኛ ትልቅ ፊደል ስለሌለው ዓይናችን ልዩነቱን የመፈተሽ ልማድ የለውም። «ጌት ኤለመንት ባይ አይዲ» የሚለው ትእዛዝ የመጨረሻዋ ፊደል ትንሽ መሆን አለባት፤ ትልቅ ከሆነች «ፈንክሽን አይደለም» የሚል ኤረር ይመጣል። ሰልጣኟ ይህን ኤረር ስታይ የደመደመችው ፈንክሽን የሚባለው ነገር ስላልገባት እንደሆነ ነው። ፈንክሽንን በተመለከተ ግን ምንም አላጠፋችም።

ስድስተኛው ሳምንት

ነገሩ የተሰበረው እዚህ ነው፤ መንስኤው ግን ከክፍሉ ውጭ ነበር።

ሥርዓተ ትምህርቱ ሪአክትን የሚያስጀምረው «ክሪኤት ሪአክት አፕ» በሚባለው አሮጌ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በአንድ ትእዛዝ ከ1,000 በላይ ጥቅሎችን (ሌሎች ሰዎች የጻፏቸው የኮድ ክፍሎች) ከኢንተርኔት ያወርዳል። ዲስክ ላይ ሲዘረጉ ከ200 ሜጋባይት በላይ ይይዛሉ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው። 14 ኮምፒውተሮች ይህን በአንድ የኢንተርኔት መስመር በአንድ ጊዜ ሲጀምሩ የሚሆነው ግልጽ ነው። በዚያ ላይ ኮምፒውተሮቹ ኤስኤስዲ የሌላቸው፣ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያላቸው ናቸው፤ ጥቃቅን ፋይል በብዛት መጻፍ ደግሞ የዚህ ዓይነቱ ዲስክ ትልቁ ድክመት ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን በትዕግሥት ያልቅ ነበር። ግን ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሪአክት 19 ወጥቶ ነበር። ክፍሉ ሪአክት የጀመረው ኅዳር 30 ነው፣ በአራተኛው ቀን። አሮጌው መሣሪያ ሁልጊዜ አዲሱን ሪአክት ያወርድ ነበር፤ አብሮት የሚጭነው የመፈተሻ ጥቅል ግን ያኔ ከሪአክት 18 ጋር ብቻ እሠራለሁ ይል ነበር። ጥቅሎቹን የሚጭነው ፕሮግራም፣ ኤንፒኤም፣ ሁለቱን ማስታረቅ ስላልቻለ በቀይ ጽሑፍ አቋረጠ። በዚያ ሰሞን በዓለም ዙሪያ ይህን ትእዛዝ በኤንፒኤም የሰጡ ብዙ ሰዎች ያው ቀይ ጽሑፍ መጥቶባቸዋል። የሪአክት ቡድን ራሱ መሣሪያውን በይፋ የጣለው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ የካቲት 7 ነው።

በክፍሉ የተሰጠው ምክንያት «ኢንተርኔቱ ነው» የሚል ነበር። ስለዚህ ሁሉም ደግመው ሞከሩ። እንደገና ያው ሆነ።

የሚያሳዝነው ዝርዝር ገና ይቀጥላል። ትእዛዙ የሚቋረጠው መሃል ላይ ስለሆነ ፎልደሩ ይፈጠራል፣ ፋይሎቹም በከፊል ይገኛሉ። የተፈጠረ የመሰላቸው ፕሮግራሙን ሲያስነሡ ደግሞ «ዌብ ቫይታልስ የሚባል ጥቅል አልተገኘም» የሚል ሌላ ኤረር መጣ። አሁን አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ኤረር አለ፣ ምንጩ ግን አንድ ነው።

አሠልጣኙ ማታ ቤቱ ሆኖ መፍትሔውን አገኘ፤ ይህ ሊነገርለት ይገባል። በጭነቱ ትእዛዝ ላይ «ሌጋሲ ፒር ዴፕስ» የሚል አማራጭ ይጨመራል፣ ከፊቱ ሁለት አጫጭር ሰረዞች አሉት። ትእዛዙን በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ከኮምፒውተር ጽፎ ለቀቀው። ቴሌግራም ግን ሲጻፍበት ሁለት አጭር ሰረዝን ወደ አንድ ረጅም ሰረዝ ይቀይራል። ሰልጣኞቹ ኮፒ አድርገው ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ሲለጥፉት ኤንፒኤም ረጅሙን ሰረዝ ከነተከታዩ የጥቅል ስም አድርጎ ወሰደውና «ይህ ትክክለኛ ስም አይደለም» አለ። ሦስተኛ ዓይነት ኤረር።

ሰልጣኟ በዚያ ሳምንት ደብተሯ ላይ የጻፈችው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ሪአክት፦ አልገባኝም።» ሪአክት ገና አልተጀመረም ነበር። አልገባኝም ያለችው የጥቅል ጭነት ነው፤ እሱም የገባው ሰው በክፍሉ አልነበረም።

ለዚያ ምሽት ሊደረግ ይችል የነበረው ይህ ነው። አሠልጣኙ ከቀናት በፊት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ከባዶ ጀምሮ ይሞክራል፤ ባለፈው ዙር ሠርቷል ማለት ዘንድሮ ይሠራል ማለት አይደለም። ሲሠራለት ፎልደሩን በሙሉ በዚፕ አንድ ፋይል ያደርገዋል፣ በፍላሽ ያድለዋል። ዚፕ ሳይደረግ በፍላሽ ማስተላለፍ እነዚያን ጥቃቅን ፋይሎች አንድ በአንድ መቅዳት ስለሆነ ምሽቱን ይጨርሳል። ወይም ቪት በሚባለው መሣሪያ ይጀምራል፤ የሚያወርደው ጥቅል በጣም ያነሰ ነው። ትእዛዞችን በቴሌግራም ሲልክ በጽሑፍ ፋይል አያይዞ ይልካል እንጂ በመልእክት ሳጥኑ ውስጥ አይጽፍም።

ከዚህም የተሻለው በ6ኛው ሳምንት ሪአክትን አለመጀመር ነበር።

ፎልደሩ ሲከፈት

ላፕቶፗ ከወንድሟ የተዋሰችው፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ዕቃ ነው። «ላፕቶፕ አያስፈልግም» የተባለው እስከ 3ኛው ሳምንት ድረስ ነበር፤ ከዚያ የቤት ሥራ መጣ። ቪኤስ ኮድ (ኮድ መጻፊያው)፣ ክሮምና የኖድ ሰርቨር አንድ ላይ ሲነሡ ማሽኑ ይንቀራፈፋል። ለኤችቲኤምኤልና ለጃቫስክሪፕት ግን ይበቃል።

በፎልደሩ ውስጥ 11 ፕሮጀክቶች አሉ። ዘጠኙ ከአሠልጣኙ ኮድ ጋር መስመር በመስመር አንድ ናቸው፣ የእሱ የፊደል ግድፈት ሳይቀር። አንዱ የተበላሸው የሪአክት ጭነት ነው። የመጨረሻው ፕሮጀክት አብዛኛው ከቻትጂፒቲ የመጣ ነው፤ በክፍሉ ያልተነሡ ነገሮች አሉበት፣ እሷም ምን እንደሚሠሩ አታውቅም። ፕሮጀክቱ ግን ይሠራል፣ ሰርተፍኬቱም የተሰጠው በእሱ ነው። በ12 ሳምንት ውስጥ አንድም ጊዜ ባዶ ፋይል ከፍታ ያለ ምሳሌ እንድትጽፍ አልተጠየቀችም።

ምን እንደምታውቅና ምን እንደማታውቅ ለመለየት ሦስት አጫጭር ሥራዎች፣ ያለ ኢንተርኔት፣ በ30 ደቂቃ ተሰጧት። የመጀመሪያው ንባብ ነው፦ ድምር ዜሮ ተብሎ ይጀምራል፣ ሉፑ ከ1 እስከ 3 እየቆጠረ እያንዳንዱን ቁጥር ድምር ላይ ይጨምራል፣ መጨረሻ ላይ ድምር ስንት ነው? 3 አለች፤ መልሱ 6 ነው። የመጨረሻውን ቁጥር አየች እንጂ በየዙሩ የሚጠራቀመውን አልተከታተለችም። ሁለተኛው ጥገና ነው፦ የጎደለ ቅንፍ ወዲያው አገኘች፣ በትልቅ ፊደል የተጻፈ የቫሪያብል ስም ግን አመለጣት። ሦስተኛው ጽሕፈት ነው፦ የአምስት ዕቃ ዋጋ ዝርዝር ተሰጥቶ ጠቅላላውን የሚያወጣ። ባዶውን መለሰች።

ይህ ጭንቅላቱ ለኮድ የማይሆን ሰው ውጤት አይደለም። ቅንፍ ታያለች፣ ቫሪያብል ምን እንደሆነ ታውቃለች፣ ሉፕ ላይ ቆማለች። ማለትም የ3ኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ናት፤ ሥልጠናው ጥሏት የሄደው እዚያ ነው።

ስለ አሠልጣኙ፦ የሚከፈለው በክፍለ ጊዜ ነው፣ ሥርዓተ ትምህርቱን ያወጣው እሱ አይደለም፣ ለዝግጅት የሚከፈለው ነገር የለም። ጃቫስክሪፕት ወደ 6 ሳምንት ይራዘም ብሎ ጠይቆ «ማስታወቂያው ላይ ሪአክት አለ» ተብሏል። ጥፋቱ ያለው ማስታወቂያውን ባወጣው ሰው ላይ ነው።

ከጥር በኋላ የተሠራው

ዕቅዱ 8 ሳምንት ነበር። በሳምንት 5 ቀን፣ ጠዋት ደንበኛ ሳይበዛ 45 ደቂቃ፣ በሱቁ ኮምፒውተር። ይህ ብቻ 30 ሰዓት ነው። መሣሪያው ብራውዘርና ኖትፓድ፤ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ሪአክት፣ ኖድ፣ ሞንጎዲቢ ተዘግተው ተቀመጡ። ሥራው አንድ ብቻ፦ ባለቤቱ የጠየቁት የኮፒ ሒሳብ።

1ኛውና 2ኛው ሳምንት ያለፉት ኤፍ 12 ተጭኖ በሚከፈተው የብራውዘሩ ኮንሶል (ኮድ በቀጥታ ተጽፎ የሚሞከርበት መስኮት) ላይ ነው። ደንቡ ኮዱን ከማስኬድ በፊት የሚወጣውን መልስ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው። መልሱ ከወረቀቱ ከተለየ ቀጣዩ ሥራ ልዩነቱን መፈለግ ነው። ሉፕ ሲመጣ ሰንጠረዥ ተጨመረ፦ በአንድ ዓምድ የዙሩ ቁጥር፣ በሌላው የድምሩ ዋጋ። 1፣ 3፣ 6። በሁለተኛው ቀን ሰንጠረዡ አላስፈለጋትም።

የመጀመሪያው እውነተኛ ስህተት በ3ኛው ሳምንት መጣ። 12 ገጽ በ3 ብር 36 ብር ነው፤ ጥረዛ 30 ብር ይጨመርበታል፤ 66 መሆን አለበት። ፕሮግራሙ 3630 አለ። ተጠቃሚው የሚያስገባው ነገር ሁሉ ለጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ነው። ሲባዛ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል፣ ሲደመር ግን ይቀጥለዋል፤ 36 ላይ 30ን ለጠፈ። የገባውን ዋጋ መጀመሪያ በ«ነምበር» ፈንክሽን ወደ ቁጥር መለወጥ ነው መፍትሔው። ምክንያቱን ያገኘችው ራሷ ናት። 36ቱ ትክክል መሆኑን ወረቀቷ ላይ ስላየች ችግሩ ከመደመሩ እንደሚጀምር አወቀች።

ቀጥሎ ኢፍ፣ ማለትም «እንዲህ ከሆነ» የሚለው ትእዛዝ ነው። የሱቁ ደንብ 50 ገጽና ከዚያ በላይ ከሆነ ገጹ በ2.50 ይሁን የሚል ነው። «ይበልጣል» ብላ ስለጻፈች ልክ 50 ገጽ ያመጣ ሰው 150 ብር ይጠየቃል፣ በደንቡ ግን 125 ነው። «ይበልጣል ወይም እኩል ነው» ተብሎ ታረመ። ሲታረም ሌላ ነገር ብቅ አለ፦ 49 ገጽ 147 ብር ነው፣ 50 ገጽ ግን 125። ይህ የኮዱ ሳይሆን የደንቡ ችግር ነው። ባለቤቱ አይተው ሳቁና «ለዚህ ነው ለካ አንዱ ደንበኛ ሁልጊዜ ባዶ ወረቀት ጨምሮ የሚያስኮፒው» አሉ። ደንቡን ከ50ኛው ገጽ በላይ ላሉት ገጾች ብቻ ቅናሽ ወደሚል ቀየሩት፤ ኮዱም አብሮ ተቀየረ፣ ለመቀየር የፈጀባት ሁለት ጠዋት ነው።

ሳጥን፣ አዝራርና ውጤት ማሳያ ያለው ገጽ የመጣው በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው። ቫሪያብሎቿን በአማርኛ ሰይማቸዋለች፤ ሥራ ለሚፈልግ ሰው ኋላ ወደ እንግሊዝኛ መቀየር ይኖርበታል፣ ለመማሪያ ግን ማንበቡን ያቀልላታል። ቻትጂፒቲን እንድትጠቀም የተፈቀደላት ለአንድ ነገር ነው፦ የኤረሩን ጽሑፍ ለጥፋ ምን ማለት እንደሆነ መጠየቅ። ኮድ ጻፍልኝ ማለት የለም።

በዚህ መሃል ሐምሌ 2016 የተጀመረውን የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደርስ ፕሮግራም አስባ ነበር። ነፃ ነው፣ የፕሮግራሚንግ፣ የዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድና የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መነሻ ኮርሶች አሉት። ኮርሶቹ የሚሰጡት በኦንላይንና በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ለእሷ ከኮፒ ሒሳቡ በኋላ የፕሮግራሚንጉን መውሰድ ይሻላል። አንድሮይድን በዚያ ላፕቶፕ ማሰብ አይገባም፤ አንድሮይድ ስቱዲዮ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ራም ይጠይቃል።

ገንዘቡ

የመጀመሪያው 5,000 ብር የተከፈለው በእጅ በተጻፈ፣ ማኅተም በሌለው ደረሰኝ ነው። ሁለተኛው 4,000 ብር በቴሌብር፣ ለማሠልጠኛው ሳይሆን ለአንድ ግለሰብ ስልክ ገብቷል። ሁለቱም ለአቤቱታ ደካማ ማስረጃ ናቸው። ጠንካራ የነበረው ሌላ ነው፦ ያላጠፋችው የማስታወቂያ ስክሪንሾት፣ ቀን በቀን የተጻፈ ደብተር፣ እና 72 ሰዓት የሚለው ሰርተፍኬት። አንድ ላይ ሲቀመጡ ያልተሰጠ 8 ሰዓት እንዳለ ያለ ክርክር ያሳያሉ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ አሳሳች ማስታወቂያንም ይከለክላል። «በ3 ወር ደቨሎፐር» የሚለውን አሳሳች ነው ብሎ ማስረዳት አድካሚ ነው። «72 ሰዓት ተብሎ 64 ተሰጠ» የሚለውን ማስረዳት ቀላል ነው። አቤቱታው የተጻፈው በዚህ በኩል ነው፣ በአንድ ገጽ፣ ሦስት አባሪ ተያይዞ፣ በመጀመሪያ ለማሠልጠኛው ሥራ አስኪያጅ። ግልባጩን ተቀባዩ ፈርሞ ቀን እንዲጽፍበት ተደረገ። መልስ ባይመጣ ቀጣዩ ቦታ ፈቃዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ነበር፤ ስሙ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ፈቃድ ይነበባል። የሥራ ትስስሩ ጉዳይ በአቤቱታው አልተነሣም፤ ሲጠየቅ «ሲቪያችሁን ለድርጅቶች እንልካለን» ማለት እንደሆነ ተነግሯል፣ ከዚያ በላይ ቃል የተገባበት ወረቀትም የለም።

ለመክፈል የሚያስብ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ሊያጣራ ይችላል። በ5ኛው ወይም በ6ኛው ሳምንት ላይ ያለ ዙር ካለ አንድ ክፍለ ጊዜ ልይ ብሎ ይጠይቅ፤ የመጀመሪያ ቀን ሁልጊዜ ያምራል። ስንት ኪቦርድ ለስንት ሰው እንደሆነ ይቁጠር። ቀድሞ የጨረሰ ሰልጣኝ ካለ ፕሮጀክቱን ያሳየው፣ ከዚያ ፊቱ ላይ አንድ ነገር እንዲቀይርበት ይጠይቀው፤ ለምሳሌ ዝርዝሩ ከትልቁ ወደ ትንሹ እንዲደረደር። መብራት ሲጠፋ ማካካሻ መኖሩን በጽሑፍ ይቀበል። ክፍያው ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ይግባ፣ ሁለተኛው ክፍያም ከአጋማሹ በኋላ ይሁን።

ማሠልጠኛው ገንዘብ አልመለሰም። በሚቀጥለው ዙር በነፃ ድገሚ አላት፤ ያው ክፍል፣ ያው 14 ኮምፒውተር ስለሆነ አልተቀበለችም። በምትኩ የጠየቀችው ቅዳሜ ጠዋት የኮምፒውተር ክፍሉ ባዶ ሲሆን አንድ ኮምፒውተር ለ2 ሰዓት፣ ለ8 ሳምንት ነው። ወጪ ስለሌለው ወዲያው ተስማሙ። 16 ሰዓት ሆነ፣ ብቻዋን፣ ኪቦርዱ በእጇ። አሠልጣኙም ሁለት ቅዳሜ ብቅ ብሎ አብሯት ተቀምጧል፣ ሳይከፈለው።

የኮፒ ሒሳቡ አሁን በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ዋጋዎቹ ግን ኮዱ ውስጥ ስለተጻፉ፣ ወረቀት በተወደደ ቁጥር ባለቤቱ እሷን መጥራት አለባቸው። ቀጣዩ ሥራዋ ዋጋውን ከገጹ ላይ ቀይሮ በብራውዘሩ «ሎካል ስቶሬጅ» ውስጥ ማስቀመጥ ነው።